በሽታ መከላከልና የቤተሰብ ምጣኔ በአንድ ጉብኝት፦ በገጠር ቀበሌ ለሚሠሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የተዘጋጀ መመሪያ

የኢትዮጵያ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር የተነሳበት ሐሳብ ግልጽ ነበር፤ የገጠሩን ሕዝብ የሚገድሉት አብዛኞቹ በሽታዎች በቤትና በደጅ ሊቀሩ የሚችሉ ስለሆኑ፣ ቤተሰቡ አገልግሎቱን እስኪፈልግ ከመጠበቅ ይልቅ አገልግሎቱ ራሱ ወደ ቤቱ መሄድ አለበት የሚል ነው። በዚህ መሠረት 5,000 ያህል ሕዝብ ባለው በእያንዳንዱ ቀበሌ አንድ ጤና ኬላ እንዲሠራ፣ አሥረኛ ክፍል ጨርሰው ለአንድ ዓመት የሠለጠኑ ሁለት ሴት ባለሙያዎችም እንዲመደቡበት ተደረገ፤ በአርብቶ አደር አካባቢዎች ወንዶችም ተመድበዋል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ30,000 አልፏል።

ከዚያ ወዲህ የተገኘው ለውጥ ቀላል አይደለም። በ1992 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ካገቡ ሴቶች መካከል የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙት ከመቶ 8 ብቻ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. ቁጥሩ 41 ደርሷል። በእነዚሁ ጥናቶች መሠረት በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ልጆች አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ከ166 ወደ 59 ወርደዋል። ለዚህ መንገዱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ምርቱም የየራሳቸውን ድርሻ እንዳበረከቱ አይካድም፤ ሆኖም በየጎጡ እየዞረች በር ያንኳኳችው ባለሙያ ድርሻ ከሁሉም ጎልቶ ይታየኛል። የቀረው ሥራም ገና ብዙ ነው። በ2008 ዓ.ም. ካገቡ አምስት ሴቶች አንዷ በላይ የሚቀጥለውን ልጅ ማዘግየት ወይም መውለድ ማቆም እየፈለገች ምንም ዓይነት መከላከያ አልያዘችም ነበር። ይህ መመሪያ የተጻፈው እነዚህን ሴቶች በማሰብ ነው።

መመሪያው የሚቆምበት አንድ ሐሳብ አለ። የቤተሰብ ምጣኔ ለብቻው ተነጥሎ ወደ ቤት ሲገባ በጥርጣሬ ይታያል፤ የታመመ ልጅን ከማከም፣ ክትባትን ከመከታተልና ሽንት ቤትን ከማስቆፈር ጋር አብሮ ሲገባ ግን እንደ አንድ የጤና ጉዳይ ይቆጠራል። ስለዚህ ሁለቱን ሥራዎች በሁለት ዕቅድ፣ በሁለት መዝገብና በሁለት የጉብኝት ቀን መለያየት አይጠቅምም።

ቀበሌውን ማወቅ

አዲስ ስትመደቡ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ለምዝገባና ለትውውቅ አውሉ። በየጎጡ ዞራችሁ እያንዳንዱን አባወራና እማወራ በቤተሰብ ማኅደር መዝግቡ፤ ቤቱ ቁጥር ይኑረው፣ በማኅደሩም ውስጥ የውኃው ምንጭ፣ የሽንት ቤቱ ሁኔታ፣ የአጎበሩ ብዛት፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች የክትባት ቀንና ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች ሁኔታ በአንድነት ይስፈሩ። ማኅደሩ የሚዘጋጀው ለወረዳው ሪፖርት ብቻ የሚመስላቸው አሉ፤ ዋና ጥቅሙ ግን እናንተው ወደ ቤቱ ከመሄዳችሁ በፊት ከፍታችሁ ስታነቡት ይገለጣል። የክትትል ካርዶቹን በወር በወር ለይታችሁ በሣጥን ውስጥ ብትደረድሩ፣ በኅዳር ወር በየሦስት ወሩ የሚወሰደው የወሊድ መከላከያ መርፌዋ የሚደርስላት እናትና በዚያው ወር የኩፍኝ ክትባቱ የሚደርስለት ልጅ በአንድ ክፍል ውስጥ ይገኛሉ፤ ብዙ ጊዜም የአንድ ቤት ሰዎች ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። በዲጂታል መዝገብ የምትሠሩም ይህንኑ ዝርዝር ከታብሌቱ አውጡ።

ከምዝገባው ጎን ለጎን የእድር ዳኞችን፣ ቄሱንና ሼኩን፣ ባህላዊ አዋላጆችን፣ የትምህርት ቤቱን ርእሰ መምህርና የሴቶች ልማት ቡድን መሪዎችን በየቤታቸው ሄዳችሁ ተዋወቁ። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ስለ ወሊድ መከላከያ አትናገሩ። ስለ ወባው፣ ስለ ምንጩና ስለ ሕፃናቱ ተቅማጥ ጠይቁ፤ ሰዎቹ ራሳቸው የሚያስቸግራቸውን ይንገሯችሁ፤ ከተናገሩት ውስጥም በአንድ ወር ጊዜ ሊሠራ የሚችለውን መርጣችሁ ሥሩ። ምንጩን በደቦ ያሳጠረች ባለሙያ በሚቀጥለው ወር ሌላ ጉዳይ ይዛ ስትመጣ ጆሮ የሚነፍጋት አታገኝም።

የጉብኝቱ ቅደም ተከተል

ወደ አንድ ቤት ስትገቡ ከልጁ ጀምሩ። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ካለ ትኩሳት፣ ሳል ወይም ተቅማጥ እንዳለው ጠይቁ። ሳል ካለው እናቲቱ እንድታቅፈው አድርጉና በጸጥታ ደረቱ ሲነሳና ሲወድቅ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ፤ ከ2 ወር እስከ 12 ወር ባለው ሕፃን በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ባለው ልጅ ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን አተነፋፈስ ስለሆነ ለሳንባ ምች መታከም አለበት። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ያሳስታል፤ የሕፃን አተነፋፈስ አንድ ወጥ አይደለም። ተቅማጥ ካለው ኦ.አር.ኤስ. የሚባለውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ እንዴት እንደሚበጠበጥ እናቲቱ ራሷ እየሠራች ታሳያችሁ፤ ዚንኩም ተቅማጡ ቢቆምም ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን በቀን 10 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ ላለው 20 ሚሊ ግራም፣ ለ10 ቀን መሰጠት እንዳለበት ደጋግማችሁ አስረዱ። እናቶች ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ቀን ላይ የሚያቋርጡት ልጁ የዳነ ስለሚመስላቸው ነው።

ወባ ባለበት ቆላና ወይና ደጋ ትኩሳት የያዘው ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ በፈጣን መመርመሪያ መታየት አለበት። ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ እንደገናም በሚያዝያና በግንቦት ወባ ስለሚበረታ በእነዚህ ወራት የጉብኝቱን ድግግሞሽ ጨምሩ። አጎበር አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ብቻውን በቂ አይደለም፤ መኝታው ላይ መዘርጋቱን፣ ሕፃኑና ነፍሰ ጡሯ በሥሩ ማደራቸውን በዓይናችሁ አረጋግጡ። የክንድ መለኪያውንም ሳትይዙ አትውጡ፤ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባለ ልጅ ላይ የክንዱ ዙሪያ ልኬት ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ወይም እግሮቹ ላይ እብጠት ካለ ልጁ በከባድ የምግብ እጥረት ተጎድቷል። መጠጣት ወይም መጥባት የተሳነውን፣ የዋጠውን ሁሉ የሚያስመልሰውን፣ ያንቀጠቀጠውን ወይም የደነዘዘውን ልጅ፣ እንዲሁም ከ2 ወር በታች ሆኖ በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ የሚተነፍሰውን ጨቅላ በጤና ኬላ አታቆዩት፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት።

ቀጥሎ ጓሮውን እዩ። ሽንት ቤቱ ክዳን አለው ወይ፣ በደጁ የእጅ መታጠቢያ ውኃና ሳሙና ወይም አመድ አለ ወይ፣ የልጆቹ ፊት ንጹሕ ነው ወይ? ዓይን የሚያሳውረው ትራኮማ በበረታባቸው የአማራ ክልል ወረዳዎች የልጆችን ፊት በየቀኑ ማጠብና ዝንብ የሚራባበትን ሜዳ ላይ መጸዳዳት ማስቀረት ከሚሰጠው መድኃኒት እኩል ዋጋ አለው።

የቤተሰብ ምጣኔ ወሬ የሚነሳው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ መግቢያውም የመጨረሻው ልጅ ዕድሜ ነው። ‹‹እትዬ፣ ይቺ ልጅ ስንት ወር ሆናት? ከእሷ ቀጥሎስ ለመውለድ መቼ አስበዋል?›› ብሎ መጠየቅ ‹‹መከላከያ ይጠቀማሉ?›› ብሎ ከመጠየቅ እጅግ ይሻላል። የመጀመሪያው ጥያቄ የእናቲቱን ሐሳብ ያወጣል፤ ሁለተኛው እንደ ምርመራ ስለሚሰማት አዎ ወይም አይ ብላ ዝም ትላለች። መልሷ ‹‹ቶሎ መውለድ እፈልጋለሁ›› ከሆነ ደግሞ የእናንተ ሥራ ስለ ብረትና ፎሌት እንክብል (አይረን ፎሌት)፣ ስለ እርግዝና ክትትልና ስለ መውለጃ ቦታ መነጋገር ይሆናል። ልጅ ከተወለደ በኋላ ቀጣዩ እርግዝና ቢያንስ 2 ዓመት ቢቆይ፣ ፅንስ ከወረደ በኋላ ደግሞ ቢያንስ 6 ወር ቢጠበቅ ለእናትም ለልጅም እንደሚበጅ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል፤ ይህንን ስትነግሯት ምክንያቱን ከራሷ ቤት አሳዩአት፤ ታናሹ ቶሎ ሲረገዝ ጡት ያጣው ልጅ ክንዱ መለኪያው ላይ ምን እንደሚያሳይ ከእናንተ ጋር አብራ ታየዋለች።

የክትባቱ ቀጠሮ ከሁሉ የተሻለ አጋጣሚ ነው። ሕፃኑ በ6 ሳምንቱ አምስት በሽታዎችን የሚከላከለውን የመጀመሪያውን የአምስት አንድ ክትባት ሊወስድ ሲመጣ እናቲቱም የምታጠባ ብትሆን የሦስት ወር መርፌውን ጨምሮ አብዛኞቹን ዘዴዎች መጀመር የምትችልበት ጊዜ ላይ ናት። በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት እንደገና ትመጣለች፤ ልጁ 9 ወር ሲሞላው ለኩፍኝ ስትመጣ ደግሞ ተጨማሪ ምግብ የጀመረና የወር አበባዋም ተመልሶ ሊሆን የሚችልበት ወቅት ነው። በእያንዳንዱ የክትባት ቀን ከመርፌው ወንበር ቀጥሎ ሌላ ወንበር አስቀምጡና ባልደረባችሁ እናቶቹን አንድ በአንድ ታነጋግር። በኦርቶዶክስ ቤተሰቦች ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና እንደሚነሱ፣ በብዙ ቤትም ባልና ሚስት እስከዚያ ተለያይተው እንደሚተኙ አስታውሳችሁ ምክሩ ከክርስትናው ቀን በፊት እንዲደርስ አድርጉ።

ምክርና ምርጫ

ምክሩ ጆሮ በሌለበት ይሁን። አማት በምድጃው አጠገብ ተቀምጣ፣ ጎረቤት ቡና ለመጠጣት ገብታ ሳለ የሚሰጥ ምክር ምክር አይባልም፤ እናቲቱን ወደ ጤና ኬላ ቅጠሩ ወይም ውኃ ስትቀዳ አብራችሁ ሂዱ። ከዚያም የምትፈልገውን ጠይቁ፦ ለስንት ዓመት? በየጊዜው መምጣት ትችላለች? የወር አበባዋ ቢዛባ ያስጨንቃታል? ባሏ ያውቃል? ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ?

ማርገዝና አለማርገዟን ለማወቅ የሽንት ምርመራ የግድ አይደለም፤ በዚህ ምክንያት ብቻ ‹‹የወር አበባሽ ሲመጣ ነይ›› ተብላ የተመለሰች ሴት ብዙ ጊዜ ነፍሰ ጡር ሆና ትመጣለች። የእርግዝና ምልክት ሳይኖራት ከሚከተሉት አንዱን አዎ ካለች እንዳላረገዘች በቂ እርግጠኝነት አላችሁ፤ ባለፉት 4 ሳምንታት ወልዳለች፤ ወይም ከወለደች 6 ወር ያልሞላት ሆና ጡት ብቻ እያጠባች የወር አበባዋም ገና አልተመለሰም፤ ወይም ከመጨረሻው የወር አበባዋ ወይም ከወሊዷ ወዲህ ግንኙነት አላደረገችም፤ ወይም የወር አበባዋ ከጀመረ 7 ቀን አላለፈም፤ ወይም ባለፉት 7 ቀናት ፅንስ ወርዶባታል፤ ወይም አስተማማኝ መከላከያ ሳታቋርጥ እየተጠቀመች ነው።

የሦስት ወር መርፌ በገጠር እጅግ ተፈላጊ የሆነው ማንም ሳያይ የሚወሰድ ስለሆነ ነው። ስትሰጡ ግን ሁለት ነገር አስቀድማችሁ ንገሩ፤ የወር አበባ ሊዛባ፣ ከጊዜ በኋላም ሊቀር ይችላል፣ ይህም ጉዳት የለውም፤ ደግሞም መርፌውን ያቆመች ሴት ለማርገዝ ከሌሎች ዘዴዎች ተጠቃሚዎች ይልቅ ጥቂት ወራት ሊዘገይባት ይችላል። ይህ ሁለተኛው ነገር ባለመነገሩ ‹‹መርፌው ማህፀን ያደርቃል›› የሚለው ወሬ ሥር ሰድዷል። ቀጠሮዋ ያለፈባት ሴት ከመጣች እስከ 4 ሳምንት ድረስ ያለ ተጨማሪ ጥንቃቄ መርፌውን መስጠት ይቻላል፤ ስለዚህ በሁለት ሳምንት የዘገየችውን አትመልሷት፣ አትቆጧትም።

በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው ኢምፕላኖን ለ3 ዓመት ያገለግላል፤ በዓመት ውስጥ የሚያረግዙት ከ1,000 ተጠቃሚዎች ከአንድ በታች ናቸው። ከወሊድ በኋላ ወዲያውኑ ለምታጠባ እናትም ሊገባ ይችላል። ኢምፕላኖኑ በሰውነት ውስጥ ይዞራል፣ ከባድ ሥራ ያስከለክላል የሚለውን ፍርሃት በቃላት ከመከራከር ይልቅ እናቲቱ ራሷ በጣቷ ዳስሳ ባለበት መሆኑን እንድታረጋግጥ አድርጉ። በማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ ሆርሞን የለውም፣ እስከ 10 ዓመት ድረስ ያገለግላል፣ የሚገባው በጤና ጣቢያ ነው። ድብልቅ ሆርሞን ያለውን እንክብል ከመስጠታችሁ በፊት የደም ግፊት መለካት አለበት፤ 140/90 እና ከዚያ በላይ የሆነባት፣ ከወለደች 6 ወር ያልሞላት የምታጠባ እናት፣ ወይም ብርሃን የሚያብረቀርቅበት ማይግሬን ያለባት ሴት ሌላ ዘዴ ትምረጥ። ኮንዶም ከአባላዘር በሽታና ከኤች.አይ.ቪ. የሚከላከል ብቸኛው ዘዴ ስለሆነ ከሌላው ጋር ተጨምሮ ሊሰጥ ይገባል። ጡት በማጥባት ብቻ መከላከል የሚቻለው ደግሞ ሦስቱም ሁኔታዎች ሲሟሉ ነው፤ ሕፃኑ 6 ወር አልሞላውም፣ ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ ይጠባል፣ የወር አበባ አልተመለሰም። አንዱ ሲጎድል በዚያው ቀን ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል።

በሽታ መከላከልና የቤተሰብ ምጣኔ በአንድ ማኅደር ላይ መዋል እንዳለባቸው ከሚያሳዩት ነገሮች አንዱ የመድኃኒት መቃረን ነው። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን የእንክብሉንና የኢምፕላኖኑን አቅም ይቀንሳል፤ ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ላለ ሴቶች ይሰጥ የነበረው ኢፋቪረንዝም ኢምፕላኖኑን ያዳክማል፤ ዶሉቴግራቪር የተባለው ሌላው የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ግን ይህ ችግር የለበትም። የሦስት ወር መርፌውና ሉፑ በእነዚህ መድኃኒቶች አይነኩም። የነቀርሳ ሕመምተኛዋ መድኃኒቷን ከእናንተው እጅ እየዋጠች፣ በሌላ መዝገብ ደግሞ ኢምፕላኖን እንዳላት ተጽፎ፣ ሁለቱን መዝገብ ያገናኘ ሰው ሳይኖር ብታረግዝ ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

ባሎች፣ አማቶችና ሽማግሌዎች

በሰሜን ጋና በናቭሮንጎ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የተካሄደው ሙከራ ለዚህ ሥራ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። በአንዳንዱ አካባቢ ነርስ ብቻ ወደ መንደር ተላከች፣ በሌላው በጎ ፈቃደኞችና የጎሣ አለቆች ብቻ ተንቀሳቀሱ፣ በሦስተኛው ሁለቱ ተጣመሩ። ነርሷ የገባችበት መንደር የሕፃናት ሞት ቀነሰ፤ የወሊድ መጠን በግልጽ የቀነሰው ግን፣ በአማካይ በአንዲት ሴት አንድ ልጅ ያህል፣ ነርሷ ከበጎ ፈቃደኞቹና ከጎሣ አለቆቹ ጋር በተጣመረችበት ነበር። ጋና አገልግሎቱን በመላ አገሪቱ ለማስፋፋት የወሰነችው ይህንን ካየች በኋላ ነው። በኒጀርም በዚንደር አካባቢ ‹‹የባሎች ትምህርት ቤት›› ተብሎ የተጀመረው ሥራ ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል፤ ባሎች በየጊዜው ተሰብስበው ስለ እርግዝና ክትትል፣ ስለ ጤና ጣቢያ ወሊድና ስለ ልጆች መራራቅ ይመክራሉ፣ ለሌሎች ባሎችም ያስተምራሉ።

በእኛ አገር ለዚህ የሚሆን መድረክ መፍጠር አያስፈልግም፤ እድሩ፣ ሰንበቴው፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ የሚደረገው ጨዋታ፣ የቡና ሰዓቱ አለ። ከወንዶች ጋር ስትነጋገሩ ከመሬቱ ጀምሩ፤ አባት ከአያት የወረሰውን ማሳ ለስንት ልጆች እንደሚያካፍል እርሱ ራሱ ያውቀዋል። ‹‹ልጅ በዕድሉ ያድጋል›› የሚላችሁ ሽማግሌ ሲያጋጥም አትሟገቱት። ዕድሉ እንዲሰምር የእናቱ ጤናም እንደሚያስፈልገው፣ መራራቅ ልጅ መከልከል እንዳልሆነ፣ ጊዜ መስጠት እንደሆነ ንገሩት። ሃይማኖታዊ ጥያቄ ሲነሳ እናንተ ለመመለስ አትሞክሩ፤ አስቀድማችሁ ያነጋገራችሁት ቄስ ወይም ሼክ በራሱ ቃል ይመልስ። አማትን የምትረሱ ከሆነ ግን ሥራው ሁሉ ይፈርሳል፤ ምራቲቱ መርፌ ወስዳ ደም ቢዛባባት ወይም ቢቀርባት ‹‹ደም ቋጥሮባት ነው›› ብላ የምታስቆማት እርሷ ናት፤ ስለዚህ ስለ ጎንዮሽ ጉዳት የሚሰጠው ትምህርት ለአማቶችም በጅምላ፣ ማንንም ሳይጠቅሱ፣ ይሰጥ።

ባሏ እንዳያውቅ የምትፈልግ ሴትም ትኖራለች። ይህ የእሷ ሙሉ መብት ነው፤ የባል ፈቃድ መጠየቅ ለአገልግሎቱ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ካርዷ በጤና ኬላ ይቀመጥ፣ ቀጠሮዋ ከልጇ የክትባት ወይም የክብደት ክትትል ቀን ጋር ይገጣጠም፣ በልማት ቡድን ስብሰባ ላይም ማን ምን እንደምትጠቀም ፈጽሞ አይነሳ። የቡድን መሪዋ የጎረቤት ቤት ሴት ነች፤ አንዲት እናት ምስጢሯ መውጣቱን ብትሰማ የምታጣው ባለሙያዋን ብቻ አይደለም፣ ነገ ልጇ ሲታመም የምትሮጥበትን ጤና ኬላም ጭምር ነው።

ላላገቡ ወጣቶችም ያው ነው። ሳይሸማቀቁ የሚመጡበት ሰዓት ከትምህርት ቤቱ ጋር ተነጋግራችሁ ወስኑ። በ2011 ዓ.ም. ለልጃገረዶች የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት መሰጠት ከተጀመረ ወዲህ ባለሙያዋ ትምህርት ቤት የምትገባበት ጥሩ ምክንያት አላት፤ በዚያው ቀን ስለ ወር አበባ ንጽሕናና ጋብቻ ከ18 ዓመት በፊት በሕግ የተከለከለ ስለመሆኑ ማስተማር ይቻላል።

አቅርቦትና ክትትል

ምርጫ የሚኖረው በመደርደሪያው ላይ ዕቃ ሲኖር ነው። በየወሩ መጨረሻ የቀረውን መርፌ፣ ኢምፕላኖን፣ እንክብል፣ ኮንዶም፣ ኦ.አር.ኤስ.፣ ዚንክና የወባ መመርመሪያ ቆጥራችሁ ካለፉት ወራት ፍጆታ ጋር አስተያዩ፤ ክረምት መንገድ የሚቆርጥበት ቀበሌ ከሆነ ጥያቄውን ከሰኔ በፊት አቅርቡ። ክትባት በ2 እና በ8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መካከል መቆየት ስላለበት ማቀዝቀዣ የሌለው ጤና ኬላ በክትባቱ ቀን ከጤና ጣቢያ በቀዝቃዛ ሣጥን አምጥቶ በዚያው ቀን መመለስ ይኖርበታል። የቤተሰብ ምጣኔ፣ ክትባትና ወሊድ በመንግሥት ተቋማት በነፃ የሚሰጡ መሆናቸውን በግድግዳው ላይ ጻፉት።

ስለ ቁጥር አንድ ነገር በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። ‹‹በዚህ ወር ይህን ያህል ኢምፕላኖን አስገቡ›› የሚል ኮታ ለባለሙያዋም ለእናቲቱም ጎጂ ነው፤ ለኮታ ሲባል የገባ ኢምፕላኖን ሴቲቱ ሳታምንበት የገባ ስለሆነ የጎንዮሽ ምልክቱ እንደታየ እንዲወጣ ትጠይቃለች፣ ወሬውም መንደሩን ያዳርሳል። ተቆጣጣሪዎች መጠየቅ ያለባቸው ስንቷ እንደጀመረች ብቻ ሳይሆን ከዓመት በኋላ ስንቷ እንደቀጠለች፣ ያቆመችውም ለምን እንዳቆመች፣ ስንት ዓይነት ዘዴ እንደቀረበላት ነው። ማውጣትም ከማስገባት እኩል አገልግሎት ነው። በብዙ ቦታ ኢምፕላኖን የሚወጣው በጤና ጣቢያ ስለሆነ ‹‹ጊዜሽ አልደረሰም›› የሚል መልስ እንዳይሰጣት፣ በምትፈልገው ቀን እንዲወጣላት ከጤና ጣቢያው ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ እናቲቱም ገና ሲገባላት ይህንን ታውቅ።

ነፍሰ ጡሮችን በየወሩ በጤና ኬላ ሰብስባችሁ ከአዋላጅ ነርስ ጋር ስታወያዩ፣ ከወሊድ በኋላ የሚፈልጉትን መከላከያ እዚያው እንዲያስቡበት አድርጉ፤ በጤና ጣቢያ የምትወልድ እናት ከፈለገች ኢምፕላኖኑን ወይም ሉፑን ከዚያው ሳትወጣ ልታገኘው ትችላለች። ቤቷ ሩቅ የሆነባት ቀኗ ሳይደርስ ወደ እናቶች ማቆያ እንድትገባ፣ የአምቡላንሱም ስልክ በቤቱ ሰው ሁሉ እጅ እንዲኖር ይሁን።

በወሩ መጨረሻ ከልማት ቡድን መሪዎችና ከጤና ጣቢያው ተቆጣጣሪ ጋር ተቀመጡ። የታመሙት ልጆች ከየትኛው ጎጥ እንደበዙ፣ የሞተ ሕፃን ወይም እናት ካለ በየትኛው ደረጃ እንደዘገየ፣ ክትባት ያቋረጡት እነማን እንደሆኑ ተነጋገሩ። የቤተሰብ ምጣኔውን ግን በድምር ቁጥር ብቻ አቅርቡ፤ ስም ያለበት ዝርዝር በሁለቱ ባለሙያዎች እጅ ብቻ ይቆይ። ከስብሰባው ሳትበተኑ የሚቀጥለውን ወር የጎጥ ጉብኝት ቀኖች ወስኑ፤ ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ደግሞ የካርድ ሣጥኑን ከፍታችሁ ቀጠሮ ያለፈባቸውን እናቶችና ልጆች በመጀመሪያው ሳምንት ጉብኝት ላይ መድቧቸው።